ጎድጓዳው ሳህን

ከማኅበሩ ሱቅ ቆሜ፣ ከጣፋጩ መደዳ፣
መነጽሬን ሰክቼ፣ እንደሚፈርም ባለዕዳ፣
ከከረጢቱ ጀርባ ደቃቁን ፊደል አነባለሁ፤
«ኦቾሎኒ ሊኖረው ይችላል» ይላል፤ «ይችላል?» እላለሁ፤
ወይ አለው በል ወይ የለውም! ምን ይሉታል መሃል መቆም?
ኦረስት ይህን ቢቀምስ፣ እስከ ንጋት አይከርም።

አይቼዋለሁ በመስታወቴ፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለ፣
ከንፈሩ እንደ ሊጥ ሲነፋ፣ ዓይኑ እየዋለለ፤
አውቶቡሱን በበረዶ ላይ እንደ ፈረስ ጋልቤ
ክሊኒክ በር አደረስኩት፤ እስካሁን አልተመለሰም ልቤ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳኋት፣ ቢጫዋን፣ ስድስት ቁጥሯን፤
የከተማው ልጅ ሁሉ ከኋላዬ ተቀምጦ ነው የነቀለ ጥርሱን።
ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይግዛ፣ ያንሳ ትልቁን ከረጢት፤
እኔ አልችልም፤ በእያንዳንዷ ፍሬ አያለሁ የአንድ ልጅ ፊት።

ካራሜል? ብሪያር ጥርሷን በሽቦ አሳስራለች፤
እናቷ ለሐኪሙ ብላ መኪናዋን ሸጣለች።
ማስቲካም አይሆን፤ የዴልፊን ያ ዞማ ጸጉር
አምና በመቀስ ወርዷል፣ ከወንበሬ ጋር ሲማከር።
ስኳር የማይፈቀድለት አለ፣ ቶቢያስ፣ የመካኒኩ፤
ለእሱ የሚለጠፍ ዳይኖሰር፣ ከነጥፍሩ ከነመልኩ።
መንትዮቹ፣ የነሃልቮርሰን፣ ጎዶሎ ቁጥር ካገኙ
ደም ሳይፋሰሱ አይተኙ።

ዘቢብ? ዘቢብ አትበሉኝ! አምና ጤና ጤና ብዬ፣
በየሣጥኑ አድዬ፣
በማግስቱ ሦስት እንቁላል መስኮቴ ላይ ረግቶ፣
እስከ ሚያዝያ አብሮኝ ኖረ፣ በረዶ ከበላዩ ተኝቶ።
ጥፋቱ የኔ ነው። ልጅ በብርድ ተንቀጥቅጦ፣
ጭራቅ ሆኖ ደጅህ ሲቆም፣ ክንፉን በካፖርት ውጦ፣
ምክር አይሰጠውም!

ከሐዲዱ ማዶ ሐኪሙ አለ፣ ሙሉ ቸኮሌት ያድላል፤
የኔን ጡረታ ቢሞክራት… ተዉት፣ ምን ያደርጋል።

«ዶርታ፣ ልዘጋ ነው» ትላለች ገንዘብ ተቀባይዋ ማቪስ፤
«ለሰርግ ነው ለሃሎዊን?»
«ለሃምሳ ሁለት ልጅ፣ ማቪስ፤
ዝም ብለሽ ቁጠሪ።»

ከበር ተመልሼ ደግሞ አንዲት ከረጢት ለቀምኩ፤
ጥቁሩን ሊኮሪስ፣ ሬንጅ መሳዩን፤ ማን ይሻማኛል ብዬ ሳቅኩ።

መጡ። አንድ በአንድ መጡ። ጭምብል ምን ያደርጋል ለኔ?
አረማመዳቸውን ይዞታል፣ መስታወት የለመደ ዓይኔ።
ጠንቋዩ ኦረስት ነው። አጽሟ ብሪያር፤ ስትስቅ ሽቦዋ ያበራል፤
ዱባው ቶቢያስ ዳይኖሰሩን ግንባሩ ላይ ለጥፎ ያገሳል።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። መብራቱን ላጠፋ ስል ተንኳኳ።

ረጅም ነው፤ ጭምብል የለው፤ የሥራ ጫማ አጥልቋል፤
ካስፓር። ዐሥራ ሰባት ሞልቶታል። አንገቱን ደፍቷል።
አንድ ቀን ተደባድቦ ከአውቶቡሴ አወረድኩት፣ በየካቲት፤
አንድ ኪሎሜትር በእግሩ ሄዳት፤
እኔ ግን እስካሁን እሄዳታለሁ፣ ይኸው ስምንት ዓመት።

«ጎረምሳ ከረሜላ ይለምናል?» ልል አፌን ስከፍት፣
በጃኬቱ ውስጥ እህቱ ነች፣ ንብ ሆና እንቅልፍ የጣላት።
«መኪናው አልነሳ ብሎን» አለ። «ቤት ሁሉ አጥፍቷል መብራት።»

ሳህኑን ገለበጥኩ፤ ኮሽ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።
አፈርኩ። ሃምሳ ሁለት ልጅ ቆጥሬ፣ ይቺን አልቆጠርኳትም፤
ገና ትምህርት ቤት አልገባች፣ በመስታወቴ አላለፈችም።

የተረፈ አንድ ዳይኖሰር፣ ከኩሽና አንድ ብርቱካን፣
ከነከረጢቱ ሊኮሪሱን፣ ሰጠሁት ያለኝን።
እሱም አንዲት ጥቁር ፍሬ አውጥቶ ጎረሰ፤
ፊቱ ተጨማደደ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አኘከ እንጂ አልመለሰ።
«ጥሩ ነው» አለ ውሸታሙ።
«አይደለም» አልኩት። እኔም ጎረስኩ።

ደጁ ላይ ቆመን አኘክን፤ ንቧ ታንኮራፋለች።
ከዚያ ቁልፌን ከሚስማሩ አወረድኩ።
«ና፤ ዛሬ እስከ ደጃችሁ ነው» አልኩ።
«ቀበቶህን።»