ሌላ የምትወስጂው አለ?

ሐምሌ ነበር፤ የጅማ ሰማይ ጓዳችን ድረስ የገባበት፣
የባጃጅ ጎማ ከመናኸሪያ ጭቃ ይዞ የሚመጣበት።
ረውዳ ሰፊዋ፣ የአባመጫ ልጅ፣ ጥላዋን ደጅ ላይ ዘግታ
ወረቀቷን ሰጠችኝ፤ ቃል አልወጣትም፣ አንገቷን ደፍታ።
«ፍሎክሰቲን፣ ሃያ ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት አንድ።»
እኔም የምጠይቀውን ጠየቅኩ፣ እንደ ሁልጊዜው ልማድ፦
«ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?»
«የለም» አለች።

እውነቷን ነበር። በእሷ መዝገበ ቃላት
መድኃኒት ማለት
በፍሬ የሚቆጠር፣ ማኅተም ያለው፣ ወረፋ የሚያስጠብቅ።
ያ ከሪያድ የመጣው ብልቃጥ ግን፣
የአክስቷ ልጅ በልብስ ጠቅልላ የላከችው፣
ቢጫ አበባ የተሣለበት፣ «ለመንፈስ እርጋታ» የተባለው፣
እሱ ቅጠል ነው። ቅጠል ደግሞ ምን ያደርጋል?
አላህ ያበቀለው፣ ፍየል የሚግጠው፣ ለማን ይነገራል?

አበባውም የሚያውቁት ይመስላል፤
ተራራ ወገብ ላይ የሚያበራውን አምጃ፣
እናቷ ጋራምባ የምትለውን ይመስላል።
የአገር ልጅ መስሎ የመጣን እንግዳ
ማን «መታወቂያህን» ይላል?

ሁለቱንም ዋጠች። ጠዋት የእኔን፣ ማታ የሪያዱን።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን መርፌው በጣቷ አልያዝ አላት።
መጀመሪያ እጇ ነበር፤ ከዚያ አገጯ፤ ከዚያ እግሯ፣
የስፌት መኪናው ሳይኖር ብቻውን ፔዳል ረገጠ።
ላቧ እንደ ሐምሌ ጣራ፤
ልቧ ዚግዛግ ይሰፋ ጀመር።
ሰፈሩ «ዓይነ ጥላ» አለ። አንዱ «ጫት ነው» አለ።
አንዷ «መድኃኒት አብልተዋት ነው» አለች፤
ሳታውቀው ወደ እውነቱ የተጠጋች እሷ ብቻ ናት።

አማርኛችን ተንኮለኛ ነው፦
የሚያድነውም መድኃኒት፣
በምቀኛ እጅ ከወጥ የሚገባውም መድኃኒት፣
አይጥ የሚገድለውም፣ ትል የሚያስወጣውም፣
አንድ ቃል፣ አንድ ደጅ፣ ስንት ጎረቤት።
ቅጠል በጣሹ አባ ፎጊ ይህን ከእኔ በፊት ያውቃል፤
«ሥር ያለው ነገር ሥራ አለው» ይላል።

ድንገተኛ ክፍል እህቷ ቦርሳውን ገለበጠች፦
ክር፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሜትር፤
ብልቃጡም ተንከባለለ። ነርሷ አነሳች። ሐኪሙ አነበበ።
«ሁለቱንም አቁሙ።»
እኔ ጋ ስልክ ተደወለ።
ያን ሌሊት እዚያ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ፣ እዚህ ጣራዬ ጠብ ጠብ ሲል፣
ጥያቄዬን እንደ ስፌት ተረተርኩት።
ከክሩ ነው ስህተቱ? ከመርፌው?
«መድኃኒት» ያልኳት ቃል ላይ ነው።

ዳነች። በሦስተኛው ቀን ጥርሷ መንገጫገጩን ተወ።
የብልቃጡ እኩሌታ ግን ቀድሞ አጥር ተሻግሮ ነበር፣
ለሚስኪያ፣ ሆድ ለባሳት።
ሚስኪያ ደግሞ በየማታው አንዲት ክኒን ሳትዘነጋ
«ሁለት ልጅ ይበቃኛል» ያለች።
በጥቅምት ሦስተኛውን ፀነሰች።
አበባው ነው ብዬ አልምልም። አይደለም ብዬም አልምልም።
ረውዳ ብቻ ያለ ክፍያ ትንሽ ቀሚስ ትሰፋለች፣
ቢጫ ክር አልነካም ብላ፣ በነጭ።

አሁን እንዲህ እጠይቃለሁ፦
ምን ትጠጪያለሽ? ምን ታኝኪያለሽ? ምን ታሸቻለሽ?
ከማር ጋር የምትልሺው አለ?
ዘመድ የላከው፣ ጎረቤት ያካፈለው፣
ቄስ የባረከው፣ ሼህ ያነበበበት?
ሰው ይስቃል። ከዚያ ዝም ይላል።
ከዚያ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

ትናንት ከሰቃ አንድ ሽማግሌ፣ ደም ማቅጠኛውን ሊወስድ መጥቶ፣
ከጋቢው ጫፍ ቋጠሮ ፈትቶ
መስታወቱ ላይ አኖረልኝ። ዝንጅብሉን በሽታው ለየሁት፤
የቀረውን አላወቅሁም።
«ይኼም ይቆጠራል እንዴ?» አለኝ።
«ይቆጠራል አባቴ» አልኩት፤
ወንበር ሳብኩለት፤
እስክሪብቶ አነሳሁ።