ልክ

«ጨርቁን ጥሏል» አሉ ያኔ በሰፈሩ፣
እናቴ ጆሮ ሥር እየተማከሩ።
እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ።
ጨርቅ አልጥልም።
ቅዳጁን እንኳን ሰብስቤ አኖራለሁ፣
አንድ ቀን ለኪስ፣ አንድ ቀን ለኮሌታ ይሆናል እላለሁ።

አንድ ድምፅ አለ፣ ጠዋት ቀድሞኝ የሚነሳ፣
ፊቴን ሳልታጠብ ጥፋቴን የሚያወሳ።
ስም አውጥቼለታለሁ፦ ልክነህ።
ልክ ስላልሆነ።
ስም ያለው ነገር ይጠራል፣ ይመከራል፣
ካስፈለገም ከደጅ ይመለሳል።

«ያ ሰውዬ ሊመርዝህ ነው የመጣው» ይለኛል።
ሰውዬው ሱሪ ሊያሳጥር ነው የመጣው።
ሜትሬን ካንገቴ አወርድና ወገቡን እዞረዋለሁ፦
ሰማንያ ስድስት።
ልክነህ ይህን አያውቅም።
ይጮሃል እንጂ ልክ አይወስድም።
ሰማንያ ስድስት ብዬ እጽፋለሁ በጠመኔ፣
ለዛሬ ከዚህ የበለጠ እውነት አልለምንም እኔ።

በወር አንዴ አማኑኤል እወጋለሁ፤
በቀን ሺህ ጊዜ ሱቄ ውስጥ እወጋለሁ።
አንዱን አጥብቀህ፣ አንዱን አላልተህ አንብበው።
«ልብስ ሰፊ ሆኖ መርፌ ይፈራል?» ትላለች ሲስተር ዘሪቱ፣
ሁልጊዜ ይህንኑ ነው፣ ሁልጊዜም እስቃለሁ።
ከዚያ ሦስት ቀን እጄ ይንቀጠቀጣል፣
ክሩ ቀዳዳውን አልፎ ሌላ አገር ይሄዳል።
ፎቶ ኮፒ የምታነሳው ትርሐስ ከጎን ሱቅ ትመጣና
ጫፉን በከንፈሯ አርጥባ ታስገባልኛለች።
ለምን ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።
አንዳንዴ ሳልነግራት አምስት መርፌ አዘጋጅታ ትሄዳለች።

ለመንገድ ደግሞ ሲም የሌለው ስልክ አለኝ፣
መስተዋቱ የተሰነጠቀ።
ልክነህ ሲብስበት፣
ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ፣
ጆሮዬ ላይ እለጥፈውና
«ሥራ ላይ ነኝ! ማታ ሁለት ሰዓት ደውል!» እላለሁ ጮክ ብዬ።
ማንም ዞር ብሎ አያየኝም።
በዚህ ከተማ ስልክ ይዞ የሚጮህ ሁሉ ጤነኛ ነው።

የድሮ ሱቄ ዶሮ ማነቂያ ነበረ።
ፈረሰ።
ከእህቴ ከአስካለ ጋር ውል አለን፦
እኔ እጠይቃለሁ፣ እሷ «አለ» ወይም «የለም» ትላለች፣
ለቅሶ የለም፣ ምክር የለም።
ያን ዕለት ቆርቆሮው አጥር ፊት ቆመን
«አስኩ፣ ሱቄ የለም አይደል?»
«የለም።»
«ለእኔ ብቻ ነው?»
«ለሁላችንም ነው።»
ይቅር በለኝ፣ በዚያ ሁሉ አቧራ መሐል ደስ አለኝ።

አጠገባችን አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው
ባዶውን ሜዳ ጠቆሙ፦ «ጸጉር ቤቴ ይኸውና፣ በሩ አረንጓዴው ነው።»
ነው አሉ። ነበር አላሉም።
የቆመው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ፣ አየሁት አለ፤
አንዷ «መጋረጃውን ቀየርከው እንዴ?» ብላ ጠየቀች።
ማንም አማኑኤል አልወሰዳቸውም።
እኔ ኪሴ ውስጥ ሜትሬን ጨበጥኩት፣
መቶ ሃምሳ ሴንቲ፣ አንድም አልጎደለ።

አሁን የምሰፋው አራት ኪሎ፣ ደረጃ ሥር ነው።
ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ይለካል።
ሲንጀሬን ስረግጠው
ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል፣
ልክነህ ከዚያ በላይ መጮህ ይታክተዋል።
ሁሌ አይደለም። ባለፈው ኅዳር አልታከተውም፤
ዘጠኝ ቀን ሱቁ ተዘግቶ ከረመ፣
የሰው ሙሽራ ሱፍ አንድ እጅጌ ብቻ ይዞ ተሰቅሎ ቆመ።
ሙሽራው በተውሶ ተዳረ።
እጅጌውን ግን በኋላ ሰፍቼለታለሁ፤ መጥቶ ወሰደው።

ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ሆነ።
ልክነህ ቀጠሮ አክባሪ ነው፣ ሃያ ደቂቃ እሰጠዋለሁ፣
ከዚያ ራዲዮ እከፍታለሁ።
ሁለት ከሩብ።
ሁለት ተኩል።
የትርሐስን ጉርድ እጥፋት ተኮስኩ፣
የተሰነጠቀውን ስልክ ገልበጥ አድርጌ አየሁት።
ደግሞ ምን ሆኖ ይሆን?