ሦስት መስመር

ደብዳቤ መጣልኝ ከምህንድስና ክፍሉ፣
«ሠላሳ ዓመት ሞላን፣ ዜናችሁን አካፍሉ።
ስም፣ የሥራ ቦታ፣ ማዕረግ፣ የልጅ ብዛት፤
ከሦስት መስመር እንዳይበልጥ፣ አደራ፣ አለብን የቦታ ጥበት።»

ሦስት መስመር?
የገበያ ዝርዝሬስ በሦስት መስመር መች ማለቁ፣
እንኳን ሠላሳ ዓመት ከነአቧራው ከነሳቁ።

ዲፕሎማዬ «ሜራቭ» ይላል፣ መዝጋቢዋ የቸረችኝ፤
«ፈንታነሽ» ምላሷ ላይ ከብዷት፣ እየሳቀች የለወጠችኝ።
ሥራዬ? ቤርሼባ ማዘጋጃ ቤት፣ የፍሳሽ መስመር፤
ሰው ከተማውን በፎቁ ያውቃል፣ እኔ ከታች፣ ከሥር።
የሀብታሙም ሰፈር የድሃውም እዚያ ሲደርስ አንድ ነው፤
ይህን ታዲያ ማዕረግ ብዬ ልጻፈው?

ባይነሳኝ ቀድሞ ልኳል፤ ሄርጽሊያ፣ የመስታወት ፎቅ፣
ኩባንያ ሸጦ ሌላ ከፍቶ፣ ያንንም ሊሸጥ ሲል እንቅልፉን የሚናፍቅ።
ፎቶው ላይ ውሻ አቅፏል።
ያኔ ዳሌት ሰፈር ውሻ ሲያይ አጥር ይዘል ነበረ፤
እሱም እንደ ሰው ተቀየረ።

እናንዬ ምህንድስናውን ትታ ነቲቮት ታስተምራለች፣
የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ፤ «ኑሮ ክፍልፋይ ነው» ትላለች።
ሁለት ጊዜ ተድራ፣ ሁለት ጊዜ ፈትታ፣
አሁን ትደንሳለች አሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ ማታ።

ስቬታ፣ የታሽኬንቷ፣ የመኝታ ክፍል ጎረቤቴ፣
በዕብራይስጥ ሳንግባባ በስድብ የተግባባን፣ እህቴ፣
ካናዳ ድልድይ ትሠራለች። «ጨውና በረዶ ብረቱን ይበላል»
ብላ ጽፋለች። ሌላ የለም። እሱም ይበቃል።

ማስረሻን ማን ይጻፍለት?
ሞዲኢን፣ አምስተኛው ፎቅ፣ ገና በአርባ አንዱ ልቡ ቀጥ ያለበት።
ቅጹ ላይ ለእንደሱ ያለ ሰው የተተወ ሳጥን የለም፤
ስሙ ነው እንጂ ማስረሻ፣ እሱስ አልተረሳም።

በዓሉ ማክሰኞ ማታ ነው፤ መኪናዬ ጋራዥ ገብታለች፤
ስምንት ቁጥር አውቶቡስ መጣች፣ ተነፈሰች፣ ቆመች።
ካርዴን ላስነካ ስል ሾፌሩ መሣሪያውን በመዳፉ ሸፈነው።
ቀና አልኩ።
አቸነፍ ነው።

ጢሙ ነጭ። ዓይኑ ግን ያው፣ ቀመር ሲያይ የሚጠበው።
ሁላችንን በኮርንፍሌክስ ካርቶን ጀርባ ያስተማረን፣
ሌሊት፣ አሸዋው መስኮት ሲገርፍ፣ በቱናና በዳቦ አድረን።
እኛ በእሱ ሒሳብ አለፍን፤
የእሱ አባት ታመሙ፣ ከታች ስድስት ታናናሽ አለ፣
ሁለት ኮርስ ሲቀረው ሻንጣውን አነሣ፣ «ለአንድ ሴሚስተር ነው» አለ።
ያ ሴሚስተር ይኸው፣
ሠላሳ ዓመት ሆነው።

«ወዴት ነሽ?» አለኝ በመስታወቱ።
«በዓሉ» ማለት ከበደኝ፤
«ወደ ዩኒቨርሲቲው» አልኩት። ገባው። ሳቅ አለልኝ።
«ያን አራተኛውን ጥያቄ ታስታውሻለሽ?» አለ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ፣
«አምና ፈታሁት፣ እዚሁ መዞሪያ ላይ፤ ጧት፣ ገና ሰው ሳይሳፈር፣ ቀደም ብሎ።
መምህሩ ነበር የተሳሳተው።»

በሩ ላይ አወረደኝ። «አብረን እንግባ» አልኩት።
ሰዓቱን አየ። «ከኋላዬ አርባ ሰው አለ» አለኝ፤
እውነትም አርባ ሰው ከኋላው በዓይኑ ገላመጠኝ።

አዳራሹ ውስጥ ጸሐፊዋ በጣቷ ዝርዝሩን ወረደች፣
ሁለት ጊዜ ወጣች፣ ሁለት ጊዜ ወረደች፣
«አልተመረቀም» አለች።
እውነቷን ነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣
በ«ሜራቭ» ስም የተመደበውን ቦታ በብዕር እንዲህ ሞላሁ፦

አቸነፍ ይርጋ፤ ቤርሼባ፤ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ።
በሰዓቱ ይመጣል።
አራተኛውን ጥያቄ ፈትቶታል።