ጨውና ድንጋይ

ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ጦሳ ጉም ደርቧል፣
ከሱቄ ደጃፍ ላይ መንገዱ ጠፍቷል፤
ስልኬ ሦስቴ ጮኸች፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ቃል፦
«ጨው ከገበያ ሊጠፋ ነው፤ ዛሬ ካልገዛህ ይቆጭሃል፤
ከታማኝ ሰው የመጣ ነው፤ ለምትወደው አድርስ።»
ለምወደው ሁሉ ላክሁት፣ ፊቴን ሳልታጠብ፣ ቁርስ ሳልቀምስ።

የሰኞ ገበያ ነጋዴ ነኝ፤ ሚዛን አውቃለሁ፣
በርበሬ ውስጥ የገባ ሸክላ እለያለሁ፤
ቅቤ ውስጥ ሙዝ ቢኖር በጣቴ አሽቼ፣
ማር ውስጥ ስኳር ቢኖር በምላሴ ነክቼ።
ቃል ግን መጣልኝ በሚያበራ መስኮት፣
እንዲሁ ዋጥሁት።

ዐሥር ኩንታል ገዛሁ፣ በብድር፣ በእጥፍ፤
ሰልፉ ተዘረጋ እስከ መናኸሪያ ጫፍ፤
ሴትዮዋ በነጠላ፣ ተማሪው በቦርሳ፣
ጨው፣ ጨው ይላል ሰዉ፣ አሞሌ እንዳየ እንስሳ።

መጠቅለያ አለቀ።
ለዚህ ነው የሄድሁት፣
ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያልረገጥሁትን ደጅ የረገጥሁት፦
«እትዬ ሉባባ፣ አሮጌ ጋዜጣ ካለ፣ ጨው ልጠቅልልበት።»

ቤተ መጻሕፍቱ ይበርዳል፤ ቆርቆሮው ያንጠባጥባል፣
ከባልዲው አጠገብ አንድ ልጅ ያነባል።
እሷም መነጽሯን በሻሿ ጫፍ ጠርጋ፣
«ጋዜጣስ ሞልቷል» አለች፣ «ግን አለው ዋጋ፤
መጀመሪያ ያን መልእክት ከፊቴ ዘርጋ።»

ወሬውንና እኔን በነጠላ አቆራኘች፣
እንደ ዱሮ ሙግት «ተጠየቅ!» እያለች፦
«ማን አየ? መቼ አየ? ቆሞ ነው ወይ ሰምቶ?
ስም የለውም ለጻፊው? ቀንስ የለው ከቶ?
ማን ይጠቀምበታል አንተ ስትሸበር?
ሌላስ ማን ጻፈው፣ ወይስ ብቻውን ነው የሚበር?»

ወሬው ዝም አለ።
ጠዋት መቶ አፍ ነበረው፤ አሁን አንድ ዋስ አጣ።

«ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም» ያለው ሰው፣
እኔን አላየኝም፣ ዐሥር ኩንታል ጭኜ ሳመላልሰው።

በድሮ የመጽሐፍ ካርድ ጀርባ፣ ጠርዙ በነተበ፣
ስም እየጻፍን ደወልን፤ ክሩ ተሳበ፦
እኔ ከእህቴ ከሐዋ፣ ሐዋ ከሾፌሩ፣
ሾፌሩ ሐረጎ ላይ፣ ሲበርድ ሞተሩ፣
ከጎማ ጠጋኙ፤ እሱ ከኮምቦልቻ፣
ከጅምላ አከፋፋዩ፣ ከአህመዴ ብቻ።

አህመዴን ጠየቅነው። ሳቀ፣ ሳቁም ቆመ።
«አንተው ነህ» አለኝ፤ «ረቡዕ ማታ የላክኸው፣
‹ጨው አልቆብኛል፣ ነገ ላክልኝ› ያልኸው።»

አንዲት የሱቅ ቃሌ ሐረጎን ወረደች፣
«አልቆብኛል» ሄዳ፣ «ሊጠፋ ነው» ሆና ተመለሰች፤
ቤቴ ስትገባ እኔ አባቷ አላወቅኋት፣
እንደ ትልቅ እንግዳ ተነሥቼ ተቀበልኋት።

ሉባባ አልሳቀችም። በመስኮቱ ሰልፉን ዐየች።
«ጠዋት ውሸት ነበር» አለች፤
«ማታ እውነት አደረግነው።
ሂድና እይ፤ ዛሬ ጨው የሌለው ሱቅ ስንት ነው?»

ልጁ ከባልዲው አጠገብ ቀና ብሎ፣
«ጨውና ድንጋይ በዐይን አንድ ነው» አለ፣ ጣቱን በገጹ ላይ ጥሎ።
«‹ለራስህ ስትል ጣፍጥ› ብለው ጨውን መክረውታል፤
ሳይቀምስ የሚያነሣውንስ ማን ይመክረዋል?»

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁን እሄዳለሁ፣
በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ፣ እቀመጣለሁ፤
ቀን መፈለግ ለምጃለሁ፣ ሁለተኛ ምስክር መሻት፤
«አላውቅም» ማለት ግን ገና አልሆነልኝም፤
ነጋዴ ነኛ፤ የለኝም ማለት ያመኛል።

ጨው ረከሰ። የቀሩት ሦስት ኩንታል ከጓዳ ናቸው፣
የደሴ ጉም በስንጥቁ ገብቶ ሌሊት ያቀልጣቸው፤
ጠብ ሲሉ እሰማለሁ፣ ጠብ።
ስልኬ ትጮሃለች። «ስኳር ሊጠፋ ነው።»
እጄ ይሄዳል፤ ይመለሳል።
በጨለማ ጎንበስ ብዬ፣ ከእርጥቡ ወለል ላይ፣
ጣቴን ነክሬ እቀምሳለሁ።