ቃለ ጉባኤ ቁጥር ዐሥራ አራት

ቡሬ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣
ዝናብ ያወራል እንጂ ሰው አይደማመጥ።
አምስት ሰው ባግዳሚ፣ አንዱ ብቻ ቆሞ፣
ደጅ ላይ ዳማ ፈረስ፣ ካፊያ ተሸክሞ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ጻፍ ሲሉኝ የምጽፍ፣
ተው ሲሉኝ ብዕሬን ከጆሮዬ የማሳርፍ።

"ስም?" አሉት።
                    "እንዳላማው።"
                                        "የለም! የታርጋ ቁጥር።"
"መቶ ሰባ ሦስት።"
                    ይኸው ነው የኛ ክብር።
ድሮ በፈረሱ፣ አባ እገሌ ተብሎ፣
ሰው ይጠራ ነበር ኮርቻ ላይ ውሎ፤
ዛሬ ሰውም ፈረስም በአንድ ቢጫ ቆርቆሮ
በምስማር ተመቶ ይነበባል ኑሮ።

ክሱ እንዲህ ይላል፦ "ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት፣
ከድልድዩ ኩርባ፣ በርበሬ ተራ ፊት፣
ከመቶ ዐሥር ጋሪ ጋር ሽቅድምድም ገጥሞ፣
አለንጋ እያጮኸ፣ ከመቀመጫው ቆሞ፣
ወይዘሮ አስረበብን ከነጆንያቸው
ቦይ ውስጥ ጥሏቸዋል፤ ተሰብሯል ክንዳቸው።"

ክሱ ያልጻፈውን እኔው አይቻለሁ፦
ጆንያው ተተርትሮ፣ አስፋልቱ ቀልቶ፣ አለሁ፤
ለእርዳታ የሮጠው ሰው ሁሉ እያነጠሰ፣
ያዘነው ካላዘነው እኩል አለቀሰ።

"ምን ትላለህ?" አሉት።
"ዳማ ነው። ያይሱዙ ጡሩንባ ሲሰማ
ልጓሙን ነጠቀኝ፤ እኔ ምን ላርግማ?"
ሰብሳቢው አቶ ጫኔ፣ ጉሮሮ ጠርገው፣
"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፤ ይኸው
ያባቶች ቃል ነው። ጻፈው።"
ጻፍኩት።

ከዚያ እንዳላማው፣ ጫማውን እያየ፣
ብዙ ዝም አለና፣ ቃሉ እየዘገየ፦
"ዳማም የርስዎ ነው፤ ጋሪውም የርስዎ፤
ማታ ሦስት መቶ ብር ይቆጥራል እጅዎ፤
ሃያ ብር ቢጎድል፣ 'ነገ እንዳትመጣ!'
ባጃጅ ሰው ለቀመ፤ እኔ ከየት ላምጣ?
ይህን አለንጋማ ሁሉም ያየው ነው፤
እኔን የሚያስሮጠኝ አለንጋው የማን ነው?"

ዝናቡ ባንድ አፍታ የቆመ መሰለኝ።
አቶ ጫኔ ዞረው፣ ቀስ ብለው፣ "ተው" አሉኝ።
ብዕሬን ከጆሮዬ።
አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤
ተረቱን አምስቱም ያውቁታል። ዝም አሉ።

ውሳኔ፦ "ለሃያ ቀን ይራቅ ከመንገድ፤
የበርበሬው ዋጋ ይከፈል፤ እርቅ ይውረድ።"

ወይዘሮ አስረበብ፣ ክንዳቸው በነጠላ
ካንገታቸው ታስሮ፣ ተነሱ ከኋላ፦
"ልጆች አሉት አሉ። ብሩን ትቻለሁ።
ግን ያን ፈረስ አሳዩኝ፤ እሱን እፈልጋለሁ።"
ወጡ። ካፊያው መሀል፣ በደህናው እጃቸው
ጉልበቱን ዳበሱ፤ ጎንበስ አለ ጎናቸው።
አስፋልት የላጠው ቁስል፣ ዝንብ የሰፈረበት።
"አብረኸኝ ወድቀሃል፤ አንተን ማን ካሰህ?" አሉት።
ይህም አልተጻፈም። አጀንዳ ውስጥ የለም።

ሰኞ ዳማ ወጣ በሌላ ሰው ጅራፍ፤
ቅጣት ለሰው እንጂ ለፈረስ አይጻፍ።
እንዳላማው ደግሞ ከኮብልስቶኑ ጋራ፣
መዶሻ ጨብጦ፣ ድንጋይ ጠረባ ሥራ።

አዲሱ ነጂ ግን፣ ሙሉሰው፣ ይምላል፦
ያ ኩርባ ሲደርስ ዳማ እግሩን ይቆጥባል፤
ቢገርፉት፣ ቢለምኑት፣ አይሱዙ ቢያንባርቅ፣
ከርምጃ አልፎ አይሄድም፣ ጆሮው ቀጥ እንዳለ፣ ቦዩን ሳይርቅ፤
ዝቅ ብሎ ያሸታል፣ አንዴ ያነጥሳል፣
ከዚያ ሙሽራ እንደጫነ ቀስ ብሎ ያልፋል።

ደብተሬ ላይ፣ ከዳር፣ አንድ ረድፍ አለ፣
"ታርሟል" የሚል። በዘጠኝ ዓመት
ስም ያልሰፈረበት።
ትናንት፣ ሁሉም ሲሄድ፣ መብራት ሳላጠፋ፣
ብዕሬን ከጆሮዬ አወረድኩና
"ዳማ" ብዬ ጻፍኩ።
የታርጋውን ቁጥር ተውኩት።