አሥራ አራት ቁጥር

አዲሱ ዘበኛ ቁልፉን እንጂ ማብሪያውን አያውቀው፤
ስለዚህ ቤቴ ድረስ መጣች፣ ዓይኗን እንቅልፍ የናፈቀው፣
ሰዋሰው የምትባል ልጅ፣ ባጃጅ ደጅ ላይ አስቁማ፣
በከንፈሯ ስፒል ነክሳ፣ በአንገቷ ሜትር ጠምጥማ።
«አባባ፣ የድሮው መሸመኛ አዳራሽ መብራቱ እንዴት ይበራል?
ቅዳሜ የልብስ ትርኢት አለኝ፤ ካልበራ ስሜ ይቀበራል።»
ማብሪያው ሠላሳ ነው ልጄ፣ የሚሠራው አራት ብቻ፤
ሦስተኛው በክርን ይመታል፤ ስድስተኛው ጓንት ይሻል ለብቻ፣
አልኋት። ጫማዬን ፈልጌ ሄድሁ።

የሌሊት ወፍ ኩስ ተጠረገ፤ መስተዋቱን በጋዜጣ አሹ፤
ወፎቹም ተቆጥተው ወደ ሐይቁ ዋርካ ሸሹ።
ማሽኖቹ የተነሡ ዕለት ከወለሉ ላይ የቀሩት
የብሎን ጉድጓዶች ናቸው፣ ጥርስ የረገፈበት ድድ የመሰሉት።
መሄጃው በእነሱ መሀል በነጭ ቀለም ተሰመረ፤
እኔ ግን እግሬ ያውቃል፣ ማን የት ቆሞ እንደነበረ፦
እዚህ ዘጠኝ ቁጥር፣ ጥጋቤ፣ ክር ሲበጠስ የሚሳደብ፤
እዚህ አሥራ አንድ፣ ውዴ፣ ቆማ እያሸለበች የምታስብ፤
እዚያ፣ ከምሰሶው ሥር፣ አሥራ አራት ቁጥር።
አንጓች።

ጡረተኞችም ተጠሩ፤ «ለክብር ነው» ተባለ፤
የኋላ ወንበር ተሰጠን፣ ውሃ በፕላስቲክ ታደለ።
አንጓች ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ጆሮዋ ከሄደ ቆየ፤
ሃያ ስምንት ዓመት በዚያ ጩኸት፣ መስማት ከእሷ ተለየ።
ሰው ሲያወራ ከንፈር ታያለች፤ ሲስቁ ቀድማ ትስቃለች፤
መዳፏን ጉልበቷ ላይ ጥላ፣ ጧ-ጣ፣ ጧ-ጣ ትላለች።
ልማድ ነው። ቅዳሴ ላይም፣ ለቅሶ ቤትም እንዲያው ናት፤
ማሽኑን ከወለሉ ቢነቅሉም ከእጇ አልነቀሉላት።

ሙዚቃው ጣራውን አናጋ። ልጃገረዶቹ ወጡ፤
እንደ ሽመላ ጣና ዳር፣ ማንንም ሳያዩ መጡ፤
አንዷ የደንገል ቀለም፣ አንዷ የዓሣ ቅርፊት ለብሳ፣
ሌላዋ ጥቁር፤ ሐዘን ይሁን ደስታ ሳትነግረን ተመልሳ።
ስምንተኛዋ የሰፈር ልጅ ናት፣ ይመኙሻል፣ የዓሣ ነጋዴው።
መሀል ስትደርስ
መብራት ሄደ።

ከተማው በሙሉ ጨለመ። ሙዚቃው አንገቱ ተቀነጠሰ።
(የእኔ ማብሪያ አይደለም፤ ይመዝገብልኝ፤ መስመሩ ነው የተበጠሰ።)
ከመጋረጃው ጀርባ ሰዋሰው «ወይኔ!» ስትል ሰማሁ፤
ስልኮች አንድ በአንድ በሩ፤ እኔም ባትሪዬን አወጣሁ።

ያኔ ነው የተሰማን።
ጧ-ጣ፣ ጧ-ጣ፣ ጧ-ጣ።

ሙዚቃው እንደቆመ አንጓች አላወቀች፤
ማን ይንገራት? እጇ ፈረቃ ላይ ነው፤ ቀጠለች።
ልጅቱ አንድ እግሯን አንሥታ በጨለማ አዳመጠች፤
ከዚያ ምቱን ተከትላ ወደ ምሰሶው ተራመደች።
ተረከዟ አንዱን ጉድጓድ አልሳተም፤ ተሰነቀረ፤
እግሯን መዝዛ ሄደች፣ አንዱ ጫማ እዚያው ቀረ፤
አንድ ጎኗ ከፍ፣ አንድ ጎኗ ዝቅ እያለ፣
እስከ ነጩ መስመር መጨረሻ።
ማንም አላጨበጨበም።
ሁሉም በእጁ ስልክ ይዞ ነበር።

መብራት ሲመለስ አዳራሹ ተናወጠ። ሰዋሰው አለቀሰች፤
ልትስማት ጎንበስ ስትል አንጓች የቀሚሷን ጫፍ ያዘች፤
በሁለት ጣት አሸት አድርጋ ወደ አምፖሉ አነሣች።
«ድሩ ላልቷል!» አለች፤ ጆሮ የሌለው ሹክሹክታ አያውቅም።
«የት ነው የተሠራው?»
ሰዋሰው ከንፈሯ እንዲነበብ ቀስ ብላ፣
«ከውጭ ነው» አለች።
አንጓች ጨርቁን ለቀቀችው፤ ጉልበቷ ላይ ያለውን እጇንም አቆመችው።
«እኛ ብንሆን» አለች፣ «ይሄን ከማሽን አናወርደውም።»

አራቱን ማብሪያ አጠፋሁ፤ ሦስተኛውን በክርኔ መታሁ፤
ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲገባ በተሰበረው መስኮት ሰማሁ።
ጫማው አሁንም እዚያው ነው። ጠዋት ሊወስዱት መጥተው ነበር፤
በሩ ዝግ ነው፤ ወደ እኔ ላኳቸው።
እኔ መብራት እንጂ ቁልፍ አላውቅም አልሁ።