ሦስት አባት ያለው ቃል

ነሐሴ ሲያበቃ፣ ቬኒስ፣ ከቦዩ ዳር፣
ሽማግሌው ቦርቶሎ መቅዘፊያ ሲልግ ነበር።
ፍቅፋቂው ከእግሩ ሥር ሲረግፍ እንደ ላባ፣
እህቱ ኦርሶላ መጣች በጀልባ፤
አርቲቾክ ቆልላ ከደሴቷ ማሳ፣
ከኋላ ኔሪናን፣ የልጇን ልጅ አስከትላ።

ገመዱን ስትወረውር ልጅቷ ጠየቀች፣
(ነገ ልትቀዝፍ ነው፤ ዛሬ እህል አልበላች)፦
«ሬጋታ የምትሉት፣ የጀልባው እሽቅድም፣
ከየት መጣ ቃሉ? ማን አወጣለት ስም?»

ቦርቶሎ መላጊያውን ጭኑ ላይ አኖረ፣
በእርሳስ ከሳንቃው ላይ አንድ መስመር አሠመረ።
«ሪጋ ማለት ይህ ነው፤ መስመር፣ ቀጥ ያለ።
ጀልባው አፍንጫውን ከገመዱ እኩል አስተካክሎ
ካልቆመ ምን ውድድር አለ? አባቴ እንዲህ አለ።»

«አባታችን?» አለች፣ እጇን ወገቧ ላይ፣
«እሱ ነው መስመረኛው? ሰክሮ ስንቱን ምሰሶ ሲገጭ አላየህም ወይ?
ስማኝ፤ የገበያ ነው ቃሉ፤ የቸርቻሪ አፍ።
ገና ጎሕ ሳይቀድ ከደሴት ስንከንፍ፣
ቀድማ ሪያልቶ የደረሰች ዋጋ ትቆርጣለች፤
የዘገየችቱ ጠውልጎ ትሸጣለች።
መከራከር ነው፣ መናጠቅ፣ በሳንቲም መተናነቅ፤
ባንዲራው ኋላ መጣ፣ ቀድሞ የነበረው ጭንቅ።»

ከላይ ከመስኮቱ፣ ልብስ ከሚሰጣበት፣
ጡረተኛው መምህር አልቻለም ዝም ማለት፦
«ከላቲን ነው! ከላቲን! መቅዘፍ ከሚለው ግሥ!
መዝገበ ቃላቱን ላምጣው! ቆዩኝ እስክመለስ!»
«እዚያው!» አሉት ሁለቱም፣ ባንድ አፍ፣ ባንድ ቁጣ፤
በዚያ ቀን ስምምነት እዚች ላይ ብቻ መጣ።

ከዚያ ማን ያቁማቸው?
መስመርና ገበያ፣ ላቲንም ተጋጩ፤
የስልሳ ዓመት ቂሞች እንደ ወፍ ተንጫጩ፤
ያኔ በልጅነት አራተኛ ወጥታ
የተሸለመችው ግልገል ዐሳማ እንኳ
«ማን አረደው?» ተብሎ ተነሣ በጫጫታ።

ኔሪና ገመዱን ፈታችው ቀስ ብላ፣
አዲሱን መቅዘፊያ ይዛ፣ ጭቅጭቁን ጥላ፣
ወጣች ወደ ሰፊው።

እኔ ከድልድዩ ላይ ሳይ፣
በእናቴ ቋንቋ የተቃኘው ጆሮዬ
ሌላ ነገር ሰማ፤
ለማን ልንገር? ያዝኩት ለብቻዬ።
እነሱ ከዳር ሆነው «ሬጋታ! ሬጋታ!»
ልጅቷ የሰነጠቀችው ውኃ፣ ከኋላዋ ገጥማ፣
ተኝታለች፣
ረግታ።